የዕረፍት ቤትና የመንደር ትምህርት ቤት፤ ስለ ቬርሞንት የንብረት ግብር ታሪክ

የትምህርት ቤት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚወሳው ስለ መሥራቾቹ፣ ስለ መምህራኑና ከዚያ ወጥተው ለወግ ለማዕርግ ስለ በቁት ተማሪዎች ነው። ጣራው የተከደነበት፣ መጽሐፉ የተገዛበትና መምህሩ ደመወዙን የተቀበለበት ገንዘብ ከማን እጅ እንደ ወጣ የሚመረምር ጸሐፊ ግን ጥቂት ነው። ሆኖም አንድ ሕዝብ ስለ ልጆቹ ትምህርት በእውነት ምን እንደሚያስብ ከንግግሩ ይልቅ ከግብር መዝገቡ ይበልጥ ይታወቃል።

በኢትዮጵያ በ1940 ዓ.ም. የትምህርት ግብር በአዋጅ በተደነገገ ጊዜ ግብሩ የተጣለው በመሬት ላይ ነበር። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ደረጃ ተከፍሎ እንደየደረጃው ይከፍል ነበር፤ ገቢውም በየጠቅላይ ግዛቱ ላሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መርጃ እንዲሆን ታስቦ ነበር። በዚህ አሠራር ውስጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ተሰውሮ ይገኛል። ለም መሬት የበዛበት አገር ብዙ ግብር ይሰበስባል፤ ጠፍ የበዛበት ጥቂት ይሰበስባል። እንግዲያስ በጠፍ አገር የተወለደ ሕፃን፣ የአባቱ አገር መሬት ስለ ሳሳ፣ ትምህርቱም አብሮ መሳሳት አለበትን?

ይህ ጥያቄ በሌላ አገርና በሌላ መልክ ተነሥቶ፣ ከመንደር ጉባኤ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ብዙ ዘመን ያከራከረበት አንድ ታሪክ አለ። አገሩ በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው የቬርሞንት ግዛት ናት። በዚያ የለሙን መሬት ቦታ ይዞ የተገኘው እርሻ ሳይሆን፣ የሩቅ ከተማ ሰዎች ለዕረፍታቸው የሠሩት ሁለተኛ ቤት ነው። ከዚህ በታች የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. አገሩና የዕረፍት ቤቶቹ

ቬርሞንት በስተ ሰሜን ከካናዳ ጋር የምትዋሰን ተራራማ ግዛት ናት። በ2020 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የነዋሪዎቿ ቁጥር 643,077 ነበር። በ1777 ራሷን ችላ ስትቆም ባወጣችው ሕገ መንግሥት በየከተማው ትምህርት ቤት እንዲቋቋም አዝዛ ነበር፤ በ1791 ከአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት ጋር 14ኛ ግዛት ሆና ስትቀላቀልም ይህን ልማድ ይዛ ገባች። በዚያ አገር ከተማ የሚባለው ሁሉ እንደ ስሙ አይደለም፤ አብዛኛው አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ ትምህርት ቤትና በዙሪያው የተበተኑ የከብት እርባታዎች ያሉበት መንደር ነው። ነዋሪዎቹ በየዓመቱ በማርች ወር በመጀመሪያው ማክሰኞ በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው የመንደራቸውን በጀት በድምፅ መወሰን የቆየ ልማዳቸው ነው። የትምህርት ቤቱም ወጪ ለብዙ ዘመን የተወሰነው እንዲህ ባለ የነዋሪዎች ድምፅ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት የአገሩ ሀብት መጀመሪያ በግ፣ በኋላም የወተት ላም ነበር። ነገር ግን ድንጋያማው ተራራ ብዙ ቤተሰብ ለመመገብ ስላልቻለ ወጣቱ ወደ ምዕራብ ሜዳዎችና ወደ ፋብሪካ ከተሞች ፈለሰ፤ ብዙ የእርሻ ቤቶችም ባዶ ቀሩ። ስለዚህ ወደ መቶ ዓመቱ መጨረሻ ላይ የግዛቲቱ የእርሻ ሹማምንት የተተዉትን እርሻዎች ዝርዝር እያሳተሙ፣ የሌላ ግዛት ከተሜዎች ገዝተው የሙቀት ወራት ማረፊያ እንዲያደርጓቸው ይጋብዙ ጀመር። እንግዲህ የዕረፍት ቤት ባለቤት በቬርሞንት ሳይጠራ የመጣ እንግዳ አይደለም፤ ተጠርቶ የመጣ ነው። ይህ ነገር ኋላ ስለ ፍትሕ በተነሣው ክርክር ውስጥ ሊዘነጋ አይገባውም።

በ1934 በዉድስቶክ ከተማ፣ በአንድ እርሻ ኮረብታ ላይ፣ በአሮጌ የፎርድ መኪና ሞተር የሚዞር ገመድ ተዘረጋ። በበረዶ ላይ ለመንሸራተት የመጡትን ሰዎች ወደ ኮረብታው ራስ የሚጎትት፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የሚባለው ገመድ ይህ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጨዋታው ታላቅ ንግድ ሆነ፤ የኪሊንግተን ተራራ በ1958፣ የስትራተን ተራራ በ1961 ለተንሸራታቾች ተከፈቱ። አውራ ጎዳናዎቹ ተሠርተው ሲያልቁ ከቦስተን የተነሣ ሰው በጥቂት ሰዓት ከተራራው ሥር መድረስ ቻለ። ከዚህ የተነሣ ላም የማይሰማራበት፣ እህል የማይበቅልበት ገደል ከለሙ ሸለቆ በላይ ዋጋ አወጣ፤ በየተራራው ሥርም በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ መብራታቸው የሚበራ ቤቶች በዙ። ዛሬ ከጠቅላላ ቤቶቿ መካከል የዕረፍት ቤቶች ብዛት በተመዘነ ጊዜ ቬርሞንት ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ በግንባር ከሚሰለፉት አንዷ ናት።

መንግሥቱም ነገሩን ዝም ብሎ አላየውም። በ1970 የመሬት አጠቃቀምን የሚቆጣጠር ሕግ አወጣ፤ በ1973 ደግሞ መሬት ገዝተው ወዲያው በትርፍ በሚሸጡት ላይ ልዩ ግብር ጣለ። እነዚህ ሕጎች ግን የመሬት ንግዱን ለመግታት የታሰቡ እንጂ ተሠርቶ ያለቀው ቤት ለመንደሩ ልጆች ትምህርት ምን ያህል ማዋጣት እንደሚገባው የሚወስኑ አልነበሩም።

፪. ሁለት ዓይነት መንደር

በቬርሞንት የትምህርት ቤት ዋና መተዳደሪያ በቤትና በመሬት ላይ የሚጣለው የንብረት ግብር ነበር። ግዛቲቱ ለደካማ ከተሞች ድጎማ ብትሰጥም ድጎማው ልዩነቱን ለመሙላት የሚበቃ አልነበረም። እያንዳንዱ ከተማ በወሰኑ ውስጥ ያለውን ንብረት ገምቶ፣ በጉባኤው የወሰነውን ወጪ በዚያ ላይ አከፋፍሎ ይሰበስብ ነበር።

አሁን የዕረፍት ቤትን ልዩ ጠባይ ማየት ያስፈልጋል። የዕረፍት ቤት ዋጋው ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ግብር ይከፍላል። ነገር ግን ባለቤቱ ልጁን የሚያስተምረው በሚኖርበት ከተማ ስለ ሆነ ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት አንድም ተማሪ አይልክም። እንዲህ ያሉ ቤቶች የበዙበት መንደር ሀብቱ ሰፊ፣ ተማሪው ጥቂት ይሆናል፤ ከእያንዳንዱ ቤት ጥቂት ሳንቲም ቢሰበስብ እንኳ ትምህርት ቤቱ ይበቃዋል። ተራራ የሌለው፣ ወይም ተራራው ለመንሸራተት ያልተመቸው ጎረቤት መንደር ግን ያለው የገበሬና የሠራተኛ ቤት ብቻ ነው፤ ከየቤቱም ልጆች ይወጣሉ። ይህ መንደር ከባድ ግብር ጥሎ እንኳ የሚያገኘው ገንዘብ ጥቂት ነው።

በ1995 የበጀት ዓመት የነበረው ሁኔታ ኋላ በፍርድ ቤት በማስረጃነት ቀርቧል። በሪችፎርድ ከተማ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው ግብር የሚጣልበት ንብረት 140,000 ዶላር ያህል ሲሆን፣ ከበረዶ ተራራዎቹ አጠገብ ባለችው ፔሩ በምትባል ትንሽ ከተማ ግን 2.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ኢደን የምትባለው ከተማ ለአንድ ተማሪ በዓመት 2,979 ዶላር ስታወጣ፣ ዊንሆል የምትባለው 7,726 ዶላር ታወጣ ነበር።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የሁለት ቤቶች ንጽጽር ነው። በስታናርድ ከተማ 85,000 ዶላር የተገመተ ቤት ያለው ሰው በዓመት 2,040 ዶላር የንብረት ግብር ይከፍል ነበር። ኋላ ኪሊንግተን ተብላ በተሰየመችው በሸርበርን ከተማ በዚያው ዋጋ የተገመተ ቤት ያለው ሰው የሚከፍለው 247 ዶላር ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ሰው ስምንት እጅ ያህል እየከፈለ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ከሁለተኛው የተሻለ አልሆነለትም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በትጋት ወይም ለትምህርት ባላቸው ፍቅር አልነበረም፤ ልዩነቱ የሌላ ግዛት ሰዎች ቤታቸውን የሠሩት ከማን አጠገብ ነው የሚለው ብቻ ነበር።

፫. ሕፃናት መንግሥትን ከሰሱ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላል የቆየው የአማርኛ ተረት። በቬርሞንት ግን ተማሪዎች፣ ግብር ከፋዮችና የትምህርት ቤት ወረዳዎች ተባብረው የግዛቲቱን መንግሥት ከሰሱ። ክሱ ከከሳሾቹ መካከል በነበረች ተማሪ የቤተሰብ ስም «የብሪገም ክስ» ተብሎ ይታወቃል።

እንዲህ ያለ ክስ በአሜሪካ የመጀመሪያው አልነበረም። የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1971 በመንደር ሀብት ላይ የተመሠረተውን የትምህርት ቤት አስተዳደር ነቅፎ ነበር። በ1973 ግን ከቴክሳስ በመጣ ክስ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ5 ዳኞች በ4 ላይ ብልጫ፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም ብሎ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ መፍትሔ የሚፈልጉ ሁሉ ወደየግዛታቸው ሕገ መንግሥት ፊታቸውን መለሱ። የቬርሞንት ከሳሾችም የተደገፉት ከ1777 ጀምሮ ስለ ትምህርት ቤት በተጻፈው አሮጌ ቃል ነበር።

በፌብሩዋሪ 5 ቀን 1997 የቬርሞንት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለከሳሾቹ ፈረደ። ዳኞቹ ትምህርት የግዛቲቱ መንግሥት መሠረታዊ ግዴታ መሆኑን አረጋገጡ፤ መንግሥት ገንዘብ የመሰብሰቡን ሥራ ለከተሞች ቢያስተላልፍም ግዴታው ከራሱ ላይ አይወርድም አሉ። የመንደር ነፃነት ይጠበቅ የሚለውንም ምክንያት መርምረው፣ ገንዘብ የሌለው መንደር ስለ ትምህርት ቤቱ በነፃነት ወሰነ ማለት ባዶ ቃል መሆኑን አሳዩ። ሆኖም በየትምህርት ቤቱ የሚወጣው ገንዘብ በሳንቲም እኩል ይሁን አላሉም፤ ዕድሉ በመሠረቱ እኩል እንዲሆን አዘዙ እንጂ። ሥርዓቱን የማበጀቱንም ሥራ ለምክር ቤቱ ተዉት።

ምክር ቤቱ ጊዜ አላጠፋም። አምስት ወር ሳይሞላ፣ በጁን 26 ቀን 1997፣ አገረ ገዥው ሃዋርድ ዲን «አዋጅ 60» የተባለውን ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ በግዛቲቱ ባለው ንብረት ሁሉ ላይ፣ በ100 ዶላር ግምት 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም የሚሆን አንድ ወጥ የትምህርት ግብር ተጣለ። ከዚህ ገቢ ለእያንዳንዱ ተማሪ 5,000 ዶላር ያህል ለየከተማው ይሰጣል። ከዚያ በላይ ለማውጣት የወደደ ከተማ ተጨማሪ ግብር መጣል ይችላል፤ ነገር ግን ባለጸጋው ከተማ ከድኻው ጋር በአንድ ተመን ከጣለ፣ የሚያገኘውም በተማሪ ያው እኩል ሆኖ፣ ትርፉ ወደ አንድ የጋራ ሣጥን ይገባል። ከዚህም ጋር ገቢያቸው በዓመት ከ75,000 ዶላር የማይበልጥ ነዋሪዎች ለመኖሪያ ቤታቸው የሚከፍሉት የግዛቲቱ የትምህርት ግብር በገቢያቸው መጠን እንዲወሰን ተደረገ።

በዚህ የመጨረሻ አንቀጽ የዕረፍት ቤትና የመኖሪያ ቤት መንገድ ተለያየ። ለነዋሪው በገቢው መጠን ይቀነስለታል፤ የዕረፍት ቤት ባለቤት ግን ሙሉውን ተመን ይከፍላል።

፬. የወርቅ ከተሞች ቁጣ

ሕጉ እንደ ወጣ፣ ወደ ጋራው ሣጥን ገንዘብ እንዲያገቡ የታዘዙት ከተሞች «የወርቅ ከተሞች» ተባሉ። ስቶው፣ ስትራተን፣ ዊንሆል፣ ዶቨርና ኪሊንግተን ከነዚህ መካከል ነበሩ። የጋራውን ሣጥን ለመንቀፍ የወደዱት «የሻርክ ኩሬ» ብለው ሰየሙት። በዶርሴት ይኖር የነበረው ታዋቂው ልብ ወለድ ደራሲ ጆን ኧርቪንግ ሕጉን ከማርክሳዊነት ጋር አመሳስሎ በአደባባይ ተቸ፤ በማንቸስተር ከተማም አንድ የግል ትምህርት ቤት ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆነ። በዊንሆል የነበረው የሕዝብ ትምህርት ቤት በ1998 ወደ ግል ትምህርት ቤትነት ተለወጠ። የኪሊንግተን ነዋሪዎች ደግሞ በ2004 በዓመታዊ ጉባኤያቸው ከቬርሞንት ተለይተው ከኒው ሃምፕሺር ግዛት ጋር ለመቀላቀል ድምፅ ሰጡ፤ በ2005ም ደገሙት። ከተማቸው ከኒው ሃምፕሺር ድንበር ጋር እንኳ አይዋሰንም ነበር። ጉዳዩ የሁለቱን ግዛቶች ምክር ቤቶችና የአገሪቱን ሸንጎ ስምምነት የሚጠይቅ ስለ ሆነ ከምኞት አላለፈም። የሚገርመው ግን በዚያም የተጠጉበት ግዛት በ1997 ተመሳሳይ ፍርድ ተፈርዶበት፣ በ1999 የራሱን ግዛት አቀፍ የንብረት ግብር አውጥቶ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። ከሁሉ ይበልጥ የጮኹት በማርች ጉባኤ ድምፅ የሌላቸው የኒው ዮርክና የቦስተን ሰዎች አልነበሩም፤ በወርቅ ከተሞቹ የሚኖሩት ቬርሞንታውያን ነበሩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በቀድሞው ሥርዓት የዕረፍት ቤቱ ግብር የሚጠቅመው እነርሱን ብቻ ነበር። ጎረቤታቸው ስምንት እጅ ሲከፍል እነርሱ አንድ እጅ ይከፍሉ የነበረው የዕረፍት ቤቱ ባለቤት ቀሪውን ስለ ሸፈነላቸው ነው። ስለዚህ ክርክሩ በላይ በላዩ ሲታይ በእንግዳና በባላገር መካከል ይመስላል፤ ሲመረመር ግን በባላገርና በባላገር መካከል ነበር። የተራራው ዋጋ የማን ነው? ከሥሩ ለተቀመጠው መንደር ብቻ ነው ወይስ ለግዛቲቱ ልጆች ሁሉ?

ቁጣው ግን ሁሉም መሠረት የሌለው አልነበረም። በወርቅ ከተሞቹ የሚኖር ሁሉ ባለጸጋ አይደለም። አያቱ ባወረሱት ቤት የሚኖር አናጢ ወይም የሆቴል ሠራተኛ፣ ጎረቤቶቹ ቤታቸውን ለከተሜዎች በውድ ስለ ሸጡ ብቻ የእርሱ ቤት ግምትም ከአቅሙ በላይ ወጣ። በገቢ መጠን የሚደረገው ቅናሽ ለእንዲህ ያለው ሰው የታሰበ ቢሆንም፣ ሥርዓቱ ውስብስብ ስለ ነበረ ብዙዎች ምን እንደሚከፍሉ አስቀድመው ለማወቅ ተቸገሩ።

፭. ሁለት ተመን

በ2003 ምክር ቤቱ «አዋጅ 68» በተባለ ሕግ ነገሩን አሻሻለ። ብዙ የተጠላው የጋራ ሣጥን ቀረ። የጎደለውን ለመሙላት የሽያጭ ግብር ከመቶ 5 ወደ መቶ 6 ከፍ አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ለውጥ ግን ንብረት ሁሉ በሁለት መከፈሉ ነበር። ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት በ100 ዶላር ግምት 1 ዶላር ከ10 ሳንቲም፣ ሌላው ንብረት ሁሉ 1 ዶላር ከ59 ሳንቲም እንዲከፍል ተደነገገ። በ200,000 ዶላር ለተገመተ ቤት ሲሰላ፣ የመኖሪያ ቤት 2,200 ዶላር፣ የዕረፍት ቤት 3,180 ዶላር ማለት ነው። ተመኖቹ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የሚለዋወጡ ቢሆኑም የሁለትነቱ መሠረት ጸንቶ ቆየ።

ይህ ልዩነት ፍትሐዊ ነውን? የዕረፍት ቤት ባለቤቶች የሚያቀርቡት ተቃውሞ ሦስት ነው። እያንዳንዱም በቁም ነገር ሊመዘን ይገባዋል።

የመጀመሪያው «ድምፅ በማንሰጥበት አገር ግብር ይጣልብናል» የሚል ነው። ይህ ቃል በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ ከባድ ክብደት ያለው ነው፤ አገሪቱ ከእንግሊዝ የተለየችው በዚሁ አቤቱታ ነውና። ሕጉ ለዚህ የሚሰጠው መልስ በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። የመንደሩ ነዋሪዎች ለትምህርት ቤታቸው ብዙ ለማውጣት ቢወስኑ ከፍ የሚለው የራሳቸው የመኖሪያ ቤት ተመን እንጂ የዕረፍት ቤቱ አይደለም። የዕረፍት ቤቱ ተመን በግዛቲቱ ሁሉ አንድ ሆኖ የሚወሰነው በምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ ጎረቤት ተሰብስቦ በሌለ ጎረቤቱ ኪስ ለራሱ ልጆች ሊደግስ አይችልም። አቤቱታው ፈጽሞ ባይጠፋም፣ ከሁሉ የከፋው መውጊያው ተሰብሯል።

ሁለተኛው «ልጅ ሳንልክ ለምን ስለ ትምህርት እንከፍላለን» የሚል ነው። ይህ ከሦስቱ ደካማው ነው። በመንደሩ የሚኖር ልጅ የሌለው ሰውም፣ ልጆቹን አስተምሮ የጨረሰ ሽማግሌም ይከፍላል። የትምህርት ግብር ለአስተማሪ የሚሰጥ የአገልግሎት ዋጋ ቢሆን ኖሮ የሕዝብ ትምህርት የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር። የዕረፍት ቤቱ ባለቤት መንገዱን የሚጠርግለት፣ ሲታመም የሚያክመው፣ ቤቱን የሚጠግንለት ሰው የተማረው በዚያው መንደር ትምህርት ቤት ነው።

ሦስተኛው «የዕረፍት ቤት ያለው ሁሉ ባለጸጋ አይደለም» የሚል ነው። ይህ እውነት አለበት። በቬርሞንት ሐይቆች ዳር አባትና አያት በእጃቸው የሠሯቸው ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎች አሉ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ የራሳቸው የቬርሞንታውያን ናቸው። ሕጉ የሚለየው ነዋሪን ከእንግዳ ሳይሆን የሚኖሩበትን ቤት ከማይኖሩበት ስለ ሆነ፣ ቬርሞንታዊውም ለሁለተኛ ጎጆው በከፍተኛው ተመን ይከፍላል። ከዚህም በላይ በ2003ቱ ሕግ የመንደሩ ሱቅ፣ የጋራዡ ባለቤት ሥራ ቤትና ተከራይ የሚኖርበት ቤት ሁሉ ከስትራተን ተራራ ሥር ካለው የድንጋይ ቪላ ጋር በአንድ ክፍል ተጻፉ። የሕጉ ትልቁ ጉድለት ይህ ነበር። የራሱ ቤት የሌለው ወጣት መምህር ቤት ሲከራይ፣ በባለቤቱ ላይ የተጣለው ከፍተኛ ግብር በኪራዩ ላይ እየተጨመረ ሊደርሰው ይችላልና።

በሌላው ሚዛን ላይ ደግሞ መንደሩ የሚሸከመው ሸክም አለ። ሁለተኛ ቤት በተገዛ ቁጥር ለነዋሪ የሚቀረው ቤት ያንሳል፤ ዋጋውም ይወደዳል። ይህ ነገር በተለይ በ2020 ከተነሣው ወረርሽኝ በኋላ፣ ብዙ ከተሜዎች ወደ ገጠር በጎረፉበት ጊዜ በረታ። ልጆች ያሉት ወጣት ቤተሰብ ቤት አጥቶ ሲሄድ የመንደሩ ትምህርት ቤት ተማሪ ያጣል፤ ተማሪ ያጣ ትምህርት ቤትም ይዘጋል። እንግዲህ ባዶ ቤት ግብር ከፋይ ብቻ አይደለም፤ ሊኖርበት ይችል የነበረውን ተማሪም ቦታ የያዘ ነው። ከፍ ያለው ተመን ለዚህ ጉዳት ካሣ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

፮. የቀረው ጥያቄና ትምህርቱ

የቬርሞንት ታሪክ በድል የተዘጋ ታሪክ አይደለም። የመንደር ሀብትና ለተማሪ የሚወጣው ገንዘብ ተቆራኝተው የነበሩበት ገመድ በእርግጥ ላልቷል፤ ነገር ግን ወጪው በአጠቃላይ እያደገ፣ የተማሪው ቁጥር እያነሰ ሄደ። ብዙ በሚያወጡ ወረዳዎችም የመኖሪያ ቤት ተመን ከፍ እያለ ሄዶ፣ ነዋሪው ከዕረፍት ቤቱ ባለቤት የበለጠ ተመን የሚከፍልበት ጊዜ መጣ። በ1997 እና በ2003 የታሰበው ነገር በዚህ ተገለበጠ። በ2025 አገረ ገዥው ፊል ስኮት የፈረሙት «አዋጅ 73» የተባለው ሕግ፣ ከሌሎች የትምህርት አስተዳደር ለውጦች ጋር፣ ሰው በቋሚነት የማይኖርባቸውን ቤቶች ከሱቅና ከፋብሪካ ለይቶ ራሱን የቻለ የግብር ክፍል እንዲያገኙ መንገድ ከፍቷል። አፈጻጸሙ ግን በሌሎቹ ለውጦች መፈጸም ላይ የተመሠረተ ነው። በ2003 በአንድ ሙዳይ የተከተቱትን ሱቁንና ቪላውን ለመለየት ሃያ ዓመት የሚያልፍ ጊዜ ወስዷል።

ከዚህ ሁሉ ለትምህርት ሰዎች የሚተርፈው ነገር ምንድን ነው? የዕረፍት ቤት ከመኖሪያ ቤት የበለጠ ይክፈል ማለት ብቻውን ፍትሕ አይሆንም። በቀድሞው ሥርዓትም የዕረፍት ቤቶች ብዙ ገንዘብ ያስገቡ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከተራራው ሥር ሳይንቀሳቀስ ስለ ቀረ የሸርበርኑን ሰው ግብር ሲያቀልል የስታናርዱን ልጅ አልደረሰውም። ግብሩ ፍትሐዊ መሆን የጀመረው ተመኑ ከፍ ባለበት ቀን ሳይሆን ገቢው ለልጆች ሁሉ በሆነበት ቀን ነው። ቀጥሎም ፍትሕ ሌሎች ሁለት ነገሮችን ጠየቀ፦ ተመኑን የሚወስነው ከተመኑ የሚጠቀመው ጎረቤት ብቻ እንዳይሆን፣ ከፋዩም እንደ አቅሙ እንዲለይ። የመጀመሪያውን የቬርሞንት ሕግ በመልካም ፈጸመው፤ ሁለተኛውን ገና እየፈለገው ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ የመምህራኑ ድርሻ ነው። በኢደንና በሪችፎርድ ያስተምሩ የነበሩት፣ የጎደለውን መጽሐፍና ያረጀውን ክፍል በየቀኑ ያዩ ነበር። ዳኞች ከመፍረዳቸውና ምክር ቤት ከመምከሩ በፊት ልዩነቱን የሚያውቀው በክፍሉ ውስጥ የቆመው መምህር ነው። በፍርድ ቤት የቀረቡት ቁጥሮችም በየመንደሩ በትምህርት ቤትና በግብር መዝገብ ተጽፈው ባይገኙ ኖሮ ክሱ ምንም ጥርስ ባልኖረው ነበር። ስለ ተማሪዎቹ ቁጥር፣ ስለ ወጪውና ስለ ጎደለው ነገር የትምህርት ቤት ሹም በየዓመቱ በእውነት የሚጽፈው መዝገብ አንድ ቀን የፍትሕ ምስክር ሊሆን ይችላል።

በ1940 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መሬቱን ለምና ጠፍ ብሎ የለየው አዋጅና በቬርሞንት ተራራ ሥር የተነሣው ክርክር የተለያየ አገርና የተለያየ ዘመን ፍሬዎች ናቸው፤ አንዱ ከሌላው አልተወለደም። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው። ልጅ የሚወለድበትን መንደር አይመርጥም፤ መንደሩም ለም ይሁን ጠፍ፣ በረዶ ይውረድበት አይውረድበት ልጁ የሠራው ሥራ አይደለም። ግብር ሰብሳቢው የመሬቱን ደረጃ መመዝገቡ ተገቢ ነው። ያው ደረጃ ወደ ልጁ የትምህርት መዝገብ እንዳይተላለፍ መጠበቅ ግን የመምህራን፣ የትምህርት ሹማምንትና የሕግ አውጪዎች የጋራ ሥራ ነው።